ፓስ ማለት ብርቱ እጅ ሲሆን፦ ያልተለመዱ የብሪጅ መክፈቻዎች

በኮንትራት ብሪጅ ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ ይካሄዳል። አራቱ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደኑና 52ቱ ካርታዎች ለእያንዳንዳቸው 13 ይታደላሉ። ከ13ቱ ዙር ከስድስት በላይ ስንቱን እንደሚያሸንፍና የትኛው የካርታ ዓይነት የበላይ እንዲሆን እንደሚፈልግ እያንዳንዱ በተራው ይጠራል። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 7፣ ዓይነቶቹ ደግሞ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ሃርት፣ ስፔድና የበላይ ዓይነት የሌለው ኖ ትራምፕ ናቸው፤ በድምሩ 35 ጥሪ። በፊት ገጽታ ወይም በድምፅ አጣጣል ለጓደኛ ምልክት መስጠት ክልክል ነው። ቃላቱ እንዲህ ስላነሱ፣ ተጫዋቾች ጥሪውን ከስሙ የተለየ ትርጉም ያሸክሙታል።

የእጅ፣ ማለትም የተያዙት 13 ካርታዎች፣ ጥንካሬ በነጥብ ይሰላል፤ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1። በተለመደው አጨዋወት 12 ነጥብ አካባቢ ያለው ጨረታውን ይከፍታል፣ ከዚያ ያነሰው ፓስ ብሎ ተራውን ያልፋል።

ዛሬ የምናውቀውን የኮንትራት ብሪጅ ውጤት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1925 የቀረጸው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት «አንድ ክለብ»ን የብርቱ እጅ ምልክት አደረገው። ተጫዋቹ አንድም ክለብ ላይኖረው ይችላል። የተመረጠው ከሁሉ ዝቅተኛው ጥሪ ስለሆነ ነው፤ ከእሱ በላይ ለመነጋገሪያ ሰፊ ቦታ ይቀራል። ሲ. ሲ. ዌይ ያዘጋጀው ፕሪሲዥን የተባለ ስልትም በዚሁ መንገድ ሄዶ ለአንድ ክለብ 16 ነጥብና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በዚህ ስልት የተጫወተው የታይዋን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 ለዓለም ሻምፒዮናው ለቤርሙዳ ቦውል ፍጻሜ ደረሰ።

እንግሊዛውያኑ ቴረንስ ሪስና ጄረሚ ፍሊንት ያስፋፉት «ሁለት ዳይመንድ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ደካማ እጅና ስድስት ሃርት ወይም ስድስት ስፔድ ያመለክታል፤ አንዳንዴ ብርቱ እጅም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ጓደኛውም ገና አያውቅም። ስለዚህ «ሁለት ሃርት» ብሎ ይመልሳል፤ ከፋቹ ደካማ ሆኖ ሃርት ከያዘ በፓስ ያቆማል፣ ስፔድ ከሆነ «ሁለት ስፔድ» ይላል። ተጋጣሚዎች ግን የባላጋራቸውን ዓይነት ሳያውቁ መወሰን አለባቸው፤ የጥሪው ትልቁ ጉልበትም ይኸው ነው።

«ሦስት ኖ ትራምፕ» ሲከፈት፣ በአንዳንድ ስምምነት ከአስ፣ ከንጉሥና ከንግሥት የሚጀምሩ ሰባት ክለቦች ወይም ዳይመንዶች አሉ ማለት ነው፤ ከእነሱ ውጭ እጁ ባዶ ሊባል ይችላል።

ከሁሉ ደፋሩ በፖላንድ ያደገው፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያም ተጫዋቾች የተጠቀሙበት ብርቱ ፓስ ነው። በዚህ ስልት 13 ነጥብ ገደማና ከዚያ በላይ የያዘው ፓስ ይላል። እጅግ ደካማው ደግሞ ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ ከ0 እስከ 7 ነጥብ ይዞ፣ ለምሳሌ «አንድ ሃርት» ብሎ ይከፍታል። ተጋጣሚው ዝቅተኛ ጥሪዎቹን ይነጠቃል፣ ያጠናው የጨረታ ሥርዓትም ይፈርስበታል። አደጋውም እውነተኛ ነው፤ ጓደኛውም ደካማ ከሆነ ተጋጣሚዎች «ደብል» ብለው ከባድ ቅጣት ያስከፍላሉ።

የስምምነት ምስጢር በብሪጅ አይፈቀድም። ትርጉሙ ያልተለመደ ጥሪ ሲሰማ ተጋጣሚ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ሲጠይቅም ሙሉ መልስ ያገኛል። ጨዋታውን ክቡር ያደረገው ይህ ሕግ ነው። ለብርቱ ፓስ ግን መጠየቅ ብቻ አይበቃም፣ መከላከያው ቀድሞ መጠናት አለበት። ስለዚህ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን እጅግ ያልተለመዱ ብሎ ከመደባቸው ስልቶች ጋር ያስቀመጠው ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ውድድሮች ይከለክለዋል፤ በሚፈቀድበትም ዝርዝሩ አስቀድሞ እንዲቀርብ ያዝዛል።