«ማይ ፌር ሌዲ» በሸክላ

«ማይ ፌር ሌዲ» በአለን ጄይ ለርነር ግጥምና በፍሬደሪክ ሎው ዜማ የተሠራ አስቂኝ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። መነሻው የጆርጅ በርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ሲሆን፣ አንድ የንግግር ድምፅ ሊቅ አበባ ሻጭዋን ልጃገረድ እንደ ትልቅ ሰው ልጅ እንድትናገር ሲያሠለጥናት ያሳያል።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1956 በኒውዮርክ ብሮድዌይ ተከፈተ። ከ10 ቀን በኋላ ተዋንያኑ ሬክስ ሃሪሰን፣ ጁሊ አንድሪውስና ስታንሊ ሆሎዌይ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የሸክላ አሳታሚው ኩባንያ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ዘፈኖቹን ቀዱ። ቀረጻውን የመራው ጎዳርድ ሊበርሰን ነበር። ሃሪሰን ዘፋኝ ስላልነበር ግጥሙን ምቱን ጠብቆ በንግግር ይወጣው ነበር።

ኮሎምቢያ በ1948 ያስተዋወቀው፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ፣ የተውኔቱ ዋና ዋና ዘፈኖች በአንድ ሸክላ ተጠቃለሉ። በሽፋኑ ላይ ሠዓሊው አል ሂርሽፌልድ ሾውን ከደመና በላይ ሆኖ ገጸ ባሕርያቱን እንደ አሻንጉሊት በክር ሲያንቀሳቅስ ሥሎታል።

የ1956ቱ ቅጂ በአንድ የድምፅ መሥመር፣ ማለትም በሞኖ የተቀዳ ነው። ሦስቱ ተዋንያን በለንደኑ ዝግጅትም ስለተሳተፉ፣ በ1959 ዘፈኖቹ በስቴሪዮ እንደገና ተቀዱ። ሰብሳቢዎች ሁለቱን የሚለዩትም በዚህ ነው።