በስፓኒሽ «እኔ» ለማለት ከአማርኛ ተነሡ

በኮሎራዶዋ ሌክውድ ውስጥ ዌስት ኮልፋክስ ጎዳናን ይዛችሁ ስትነዱ ስፓኒሽ በየቦታው ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው ካሳ ቦኒታ ምግብ ቤት ስሙ «ቆንጆ ቤት» ማለት ነው። አላሜዳ ጎዳናም ሆነ ኮሎራዶ የሚለው የግዛቱ ስም ስፓኒሽ ናቸው። ኮሎራዶ በ1876 ግዛት ስትሆን ሕገ መንግሥቷ ሕጎች እስከ 1900 ድረስ በስፓኒሽና በጀርመንኛም እንዲታተሙ ያዝዝ ነበር። ቋንቋው እዚህ ሥር የሰደደ ነው፤ ብዙዎቻችንም ከተናጋሪዎቹ ጋር አብረን እየሠራን ስለሆነ መማሩ ይጠቅመናል።

ጀማሪን ቶሎ የሚያደናግሩት ዮ፣ ሜ፣ ሚ እና ሚኦ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው በእንግሊዝኛ በኩል ስንሄድባቸው ነው። የስፓኒሹ «ሚ» ለጆሮ ልክ እንደ እንግሊዝኛው «ሚ» ነው፤ ትርጉሙ ግን ብዙውን ጊዜ «የእኔ» ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ትታችሁ ከአማርኛ ተነሡ፤ መንገዱ ያጥርላችኋል።

«ዮ» እኔ ነው። እኛ «እሠራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ እነሱም «ትራባኾ» ካሉ በቂ ነው፤ ግሡ ባለቤቱን ይዟል። «ዮ» የሚመጣው አጥብቆ ለመናገር ወይም ከሌላው ለመለየት ነው።

«ሜ» ደግሞ የእኛ «ኝ» ነው። «ዲጋሜ» ይንገሩኝ፣ «አዩዴሜ» ይርዱኝ። እንደ አማርኛው ከትእዛዙ መጨረሻ ላይ ተለጥፏል። በአብዛኛው ግን ከግሡ ይቀድማል፤ «አይንገሩኝ» ለማለት «ኖ ሜ ዲጋ» ይባላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ይህ ነው። እኛ «ቡና ደስ ይለኛል» እንላለን፤ ደስ የሚለው ቡናው ነው፣ ስሜቱ የሚደርሰው እኔ ላይ ነው። ስፓኒሽም በዚሁ መንገድ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ይላል። «ራሴን ያመኛል» ደግሞ «ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ» ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ፦ እኛ «ራሴን» ስንል የማን ራስ እንደሆነ ደግመን እንናገራለን፤ እነሱ ግን «ሜ» ስላለ ይበቃል ብለው «ላ ካቤሳ» ብቻ ይላሉ።

«ሚ» ሁለት ሥራ አለው። ከስም በፊት ሲመጣ «ሚ ካሳ» ቤቴ፣ ነገሩ ሲበዛ «ሚስ ኢኾስ» ልጆቼ ነው። ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ ግን «እኔ» ነው፦ «ፓራ ሚ» ለእኔ፣ «ሲን ሚ» ያለ እኔ። ድምፁ አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን ሁለተኛው ከፊደሉ በላይ ጭረት ይደረግበታል። «ከእኔ ጋር» ለብቻው «ኮንሚጎ» የሚል ቃል አለው።

«ሚኦ» የእኔ ነው፤ እንደ «ሚ» ከስም በፊት አይመጣም። የእኛ «የእኔ» አይለዋወጥም፤ የእነሱ ግን ከነገሩ ጾታ ጋር ይሄዳል። መኪና ወንዴ ስለሆነ «ኤል ካሮ ኤስ ሚኦ»፣ ቤት ሴቴ ስለሆነ «ላ ካሳ ኤስ ሚያ»። ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ለውጥ የለውም።

የመጨረሻው፣ በየቀኑ የሚያጋጥማችሁ «እኔም» ነው። ባልደረባችሁ «ትራባኾ ማኛና»፣ ማለትም ነገ እሠራለሁ ካለ፣ «ዮ ታምቢየን» በሉ፦ እኔም። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ካለ ግን «አ ሚ ታምቢየን» ነው፦ እኔንም። ስትጠራጠሩ አረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉት፤ «እሠራለሁ» እንደሚለው ከሆነ «ዮ»፣ «ደስ ይለኛል» እንደሚለው «ኝ» ካለበት «አ ሚ» ነው። ለእነዚህ ግሦች ከልጅነታችሁ የምታውቁት ሰዋስው ይመልስላችኋል።