በአጭር ሥነ ሥርዓት የቀረበ የገንዘብ ክስ፦ ተከሳሽ የመከላከል ፈቃድ የሚጠይቅበት አግባብ

በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ የመከላከያ መልሱን አዘጋጅቶ በተወሰነው ቀን ለፍርድ ቤት ያቀርባል። መልስ መስጠት መብቱ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ከዚህ አካሄድ የተለየው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 284 እስከ 292 የተደነገገው አጭር ሥነ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የተከሰሰ ሰው ወደ ክርክሩ የሚገባው ፍርድ ቤቱ እንዲከላከል ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ልዩነቱን ሳይረዱ ቀጠሮውን የሚጠባበቁ ወይም ክሱን በደፈናው የሚክዱ ተከሳሾች በቂ መከላከያ እያላቸው ሳይደመጡ ሊፈረድባቸው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ክሱ የሚቀርብባቸውን ጉዳዮች፣ የፈቃድ ማመልከቻውን ይዘትና ፍርድ ቤቱ ሊሰጣቸው የሚችላቸውን ትእዛዞች ያብራራል።

አጭር ሥነ ሥርዓት የሚመለከታቸው ጉዳዮች

ሥርዓቱ የተዘረጋው መጠኑ ተለይቶ የታወቀና የመክፈያ ጊዜው የደረሰ የገንዘብ ዕዳ በረጅም ክርክር ሳይጓተት እንዲከፈል ለማስቻል ነው። በአንቀጽ 284 መሠረት ክሱ የሚቀርበው ከሳሹ የሚጠይቀው ከወለድ ጋር ወይም ያለ ወለድ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ነው። የክሱም ምንጭ ቼክ፣ የሐዋላ ወረቀት፣ የተስፋ ሰነድ ወይም ሌላ ውል፣ የተወሰነ ገንዘብ ለመክፈል የተሰጠ የጽሑፍ ግዴታ ወይም ለእንዲህ ዓይነቱ ዕዳ የተገባ ዋስትና መሆን አለበት።

ከሳሹ በክሱ ላይ ጉዳዩ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ የጠየቀ መሆኑን ያመለክታል። ከዚህም ጋር የክሱን ምክንያትና የገንዘቡን መጠን የሚያረጋግጥ፣ ተከሳሹም መከላከያ የለውም ብሎ የሚያምን መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ያያይዛል። በአንጻሩ መጠኑ በማስረጃ ተጣርቶ መወሰን ያለበት የጉዳት ካሣ፣ የንብረት ይመለስልኝ ወይም የውል ይፍረስልኝ ጥያቄ በዚህ ሥርዓት የሚስተናገድ አይደለም።

መጥሪያው በደረሰ ጊዜ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ተከሳሹ መጥሪያውንና ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ሰነዶች በሙሉ ተቀብሎ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ የተጠየቀበት መሆኑን፤
2. የፈቃድ ማመልከቻው የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀን፤
3. የከሳሹ ቃለ መሐላና የዕዳው ሰነድ ቅጂ መያያዛቸውን፤
4. የተጠየቀው ዋና ገንዘብና ወለድ በሰነዱ ላይ ከሠፈረው ጋር የሚገጥም መሆኑን፤
5. በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የራሱ መሆኑንና የመክፈያው ጊዜ መድረሱን።

በተወሰነው ቀን ማመልከቻ ያላቀረበ ተከሳሽ ክሱን እንዳልተቃወመ ስለሚቆጠር ፍርድ ቤቱ ለከሳሹ ሊፈርድ ይችላል። ከተበዳሪውና ከዋሱ አንዱ ማመልከቱ ሌላውን ነፃ ስለማያደርገው እያንዳንዱ ተከሳሽ የራሱን ማመልከቻ ማቅረብ አለበት።

የፈቃድ ማመልከቻውና ቃለ መሐላው

ተከሳሹ የሚያቀርበው ማመልከቻ በቃለ መሐላ የተደገፈ መሆን አለበት። ቃለ መሐላው መከላከያው የተጠየቀውን ገንዘብ በሙሉ ወይም በከፊል የሚመለከት መሆኑን፣ በከፊል ከሆነም የትኛውን ክፍል እንደሆነ ለይቶ ያመለክታል።

በዚህ ደረጃ ተከሳሹ ክርክሩን አሸንፎ መገኘት አይጠበቅበትም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው በመደበኛ ክርክር ሊጣራ የሚገባው እውነተኛ ጭብጥ መኖሩን ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ሊታይ የሚገባው ነገር ፍሬ ነገሩ ከቀኑ፣ ከገንዘቡ መጠንና ከሰነዱ ጋር ተገናዝቦ መቅረቡ ነው። «ዕዳ የለብኝም» ወይም «ክሱ ሐሰት ነው» የሚል ጥቅል ክህደት የሚጣራ ነገር ስለማያመለክት ፈቃድ ለማስገኘት አይበቃም። «ከተጠየቀው 300,000 ብር ውስጥ 120,000 ብሩን በዚህ ቀን በከሳሹ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁ፤ የባንኩ ሰነድ ተያይዟል» የሚል ቃል ግን ለፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ተጨባጭ ጉዳይ ይሰጠዋል።

በእጅ ያሉ ደረሰኞች፣ የባንክ ሰነዶች፣ ደብዳቤዎችና ተጨማሪ ስምምነቶች በቅጂ ከማመልከቻው ጋር መያያዝ ይኖርባቸዋል። በሌላ ሰው ወይም ተቋም እጅ የሚገኝ ማስረጃ ካለ የት እንደሚገኝ መገለጽ አለበት። በመሐላ የሚሰጥ ሐሰተኛ ቃል በወንጀል ሊያስጠይቅ ስለሚችል በቃለ መሐላው የሚሰፍረው ተከሳሹ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር ብቻ መሆን ይገባዋል።

በተደጋጋሚ የሚነሡ መከላከያዎች

ዕዳው ተከፍሏል የሚል መከላከያ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የብድር ውል የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ከዚህ መጠን በላይ የሆነ ብድር መመለሱም የሚረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በሽማግሌዎች ፊት መመለሱን የሚገልጽ፣ ነገር ግን ደረሰኝ ያልተቀበለ ተበዳሪ በምስክር ቃል ብቻ ለመከራከር ይቸገራል። ብድር ሲመለስ የጽሑፍ ደረሰኝ መቀበል ወይም ክፍያውን በባንክ መፈጸም ይህን ችግር ይከላከላል።

ወለዱ ከሕግ በላይ ነው የሚል መከላከያ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መወሰን አይቻልም። ከዚህ በላይ ወለድ የተጠየቀበት ተከሳሽ ዋናውን ገንዘብ ቢያምን እንኳ ልዩነቱን አስልቶ መቃወም ይችላል።

ፊርማው የእኔ አይደለም የሚል መከላከያ። ይህን የሚያነሣ ተከሳሽ የካደውን ሰነድ ለይቶ ማመልከትና ፊርማው በባለሙያ እንዲመረመር መጠየቅ ይኖርበታል። ፊርማውን አምኖ የሰነዱን ይዘት የሚቃወም ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘ መሆኑን የሚያሳዩትን ሁኔታዎች በዝርዝር መግለጽ አለበት።

የዋስ መከላከያ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ በግምት አይወሰድም። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተወሰነም ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ በዋስነት የተከሰሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የፈረመበትን ሰነድ አግኝቶ የገንዘቡ ልክ መጻፉን ማረጋገጥ ይገባዋል።

የይርጋ መከላከያ። ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ለቼክና ለመሳሰሉት ሰነዶች ሕጉ ያጠሩ ጊዜያትን ወስኗል። ፍርድ ቤት የይርጋን ጉዳይ በራሱ አነሣሽነት ስለማያነሣ ተከሳሹ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ሊጠቅሰው ይገባል።

የክሱ ዓይነት አይፈቅድም የሚል መከላከያ። የተጠየቀው ገንዘብ መጠኑ ያልታወቀ ወይም የመክፈያ ጊዜው ያልደረሰ ከሆነ ጉዳዩ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ አይገባውም የሚል መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል።

ቼክን በሚመለከት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቼኩ ወደ ሦስተኛ ሰው ተላልፎ ከሆነ ቼኩን የፈረመው ሰው ከመጀመሪያው ተቀባይ ጋር ባለው የግል ግንኙነት ላይ የተመሠረተ መከላከያ ሊያነሣ የሚችለው ሦስተኛው ሰው ቼኩን የያዘው እያወቀ ፈራሚውን ለመጉዳት መሆኑን ሲያሳይ ነው።

ዕዳውን በከፊል ማመን

የዕዳው አንድ ክፍል እውነት ከሆነ ሁሉንም መካድ ተከሳሹን አይጠቅመውም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ተከሳሹ 180,000 ብሩን አምኖ 120,000 ብር መክፈሉን ቢገልጽ፣ ፍርድ ቤቱ በታመነው ገንዘብ ላይ ወዲያው ሊፈርድና በቀሪው ላይ የመከላከል ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ሁሉንም ክዶ አንዱ ክህደት ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ተከሳሽ ግን እውነተኛው መከላከያውም በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርጋል።

ፍርድ ቤቱ ሊሰጣቸው የሚችላቸው ትእዛዞች

ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን መርምሮ ፈቃዱን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሊሰጥ ይችላል። እንደ ነገሩ ሁኔታም ተከሳሹ ዋስትና እንዲያስይዝ ወይም ሌላ ግዴታ እንዲፈጽም አዝዞ ሊፈቅድ ይችላል። ግዴታው በተወሰነው ጊዜ ካልተፈጸመ ፈቃዱ ዋጋ ሊያጣ ስለሚችል ትእዛዙን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከተሰጠ ተከሳሹ የመከላከያ መልሱን ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር ያቀርባል፤ ክርክሩም በመደበኛው መንገድ ይቀጥላል። ፈቃድ ከተከለከለ ለከሳሹ ይፈረዳል፤ ከሳሹም ፍርዱ እንዲፈጸምለት በመጠየቅ የተከሳሹን ንብረት ሊያስከብር ይችላል።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ያሉ አማራጮች

መጥሪያው በአግባቡ ያልደረሰው ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ሳያመለክት የቀረ ተከሳሽ፣ ፍርዱ እንዲነሣለትና እንዲከላከል እንዲፈቀድለት ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በማመልከቻውም የቀረበትን ምክንያት ከማስረጃው ጋር፣ እንዲሁም ዕዳውን የሚቃወምበትን መከላከያ ማሳየት ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ አፈጻጸሙ ከመጠናቀቁ በፊት፣ ፍርዱ እንደታወቀ ወዲያውኑ ማቅረብ ይመከራል።

ማመልከቻ አቅርቦ ፈቃድ የተከለከለና የተፈረደበት ተከሳሽ ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ይግባኝ መጠየቅ በራሱ የፍርዱን አፈጻጸም አያስቆምም። አፈጻጸሙ እንዲታገድ የሚፈልግ ይግባኝ ባይ ይህንኑ ለይቶ መጠየቅ አለበት።

የሕግ ድጋፍ ስለማግኘት

የጊዜ ገደቡ አጭር በመሆኑ መጥሪያ የደረሰው ሰው በዚያው ሳምንት የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ይጠቅመዋል። ለጠበቃ የመክፈል አቅም የሌላቸው ዜጎች በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ወደሚገኙ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሊሄዱ ይችላሉ። ሲሄዱም መጥሪያውን፣ ክሱን፣ የዕዳውን ሰነድና የክፍያ ማስረጃዎቻቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

ይህ ማብራሪያ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ሲሆን በአንድ በተለየ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን አይተካም።