ነጭ ማግ ሁሉ አይታተምበትም

በምርቃት ሰሞን ስምና ፎቶ የታተመበት ማግ የተለመደ ስጦታ ሆኗል። ጅማ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ ያለባት፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የቆመባት ከተማ ናትና ደንበኛም ሆነ የሚታተም ምስል አይቸግራትም። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት መጥቶ በጋራ ወርክሾፕ ሥራውን ለሚጀምር ሰው አሠራሩ አጭር ነው። ዲዛይኑ ግራና ቀኙ ተገልብጦ በሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ማጉ ላይ ተጠብቆ ይለጠፋል፤ ከዚያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ፕረስ ውስጥ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆያል። ጀማሪ ሁሉ ስለ ማሽኑ ይጠይቃል፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ግን በማጉ ነው።

ትልቁ ስህተት ቀለሙ ሴራሚኩን ይይዛል ብሎ ማሰብ ነው። ይህ ቀለም ሲሞቅ አይቀልጥም፤ ከደረቅነቱ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ልብስ መሃል የሚቀመጥ ናፍታሊን ጨርቁን ሳያረጥብ እያነሰ እንደሚያልቀው። ጋዙ የሚገባበት ይፈልጋል፤ የሚስማማውም ፖሊስተር ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ማግ ላዩን ቀጭን የፖሊስተር ሽፋን ተቀብቷል። ሽፋኑ ሲሞቅ ጋዙን ያስገባል፣ ሲበርድ ውስጡ ያስቀረዋል። ጥሩ ህትመት በጣት ሲዳበስ ጠርዙ የማይታወቀውም ለዚህ ነው። የወጥ ቤቱ ተራ ማግ ግን ላዩ እንደ መስታወት የጠጠረ ግላዝ ስለሆነ ቀለሙ መግቢያ አጥቶ ደብዝዞ ይቀራል፣ ሲታጠብም ይለቃል። ችግሩ ሁለቱም ማጎች ነጭና አንጸባራቂ መሆናቸው ነው፤ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ካርቶን እንደተከፈተ አንዱን አትሞ በስፖንጅ ፈትጎ ማየት ግዴታ ነው። ሽፋን ያለው ማግ ይወደዳል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በተራ ማግ ላይ የወጣው ወረቀት፣ ቀለምና መብራት ተደምሮ የደንበኛው ቅሬታ ሲታከልበት ርካሹ ማግ ውድ ይሆናል። ሽፋኑን ራስ መርጨትም ይቻላል፤ ግን እኩል ካልተዳረሰና በደንብ ካልተጋገረ ምስሉ ዥንጉርጉር ይወጣል።

ነጭ ቀለም በሰብሊሜሽን የለም፤ በምስሉ ላይ የሚታየው ነጭ የማጉ የራሱ ነው። ታዲያ ትኩስ ቡና ሲቀዳበት ምስል የሚያወጣው ጥቁር ማግስ? እሱም ከሥሩ ነጭ ነው። ጥቁሩ ሲሞቅ ቀለሙን የሚያጣ ንብርብር ስለሆነ የታተመው ምስል ይገለጣል፣ ሲበርድ መልሶ ይሰወራል።

በጅማ አገር ሌላው ፈተና እርጥበት ነው። በክረምት ተከፍቶ ያደረ ወረቀት የጠጣው ውኃ ፕረሱ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ቀለሙን ይገፋዋል፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ያለው የእንጨት ጌጥ ጥርት ብሎ መውጣቱ ቀርቶ ይጨፈቃል። በጋራ ወርክሾፕ የወረቀቱን ፓኮ ከፍቶ መሄድ የሌላውን ሰው ሥራ ማበላሸት ነው። ወረቀት በላስቲክ ታሽጎ ይቀመጥ፣ ከመታተሙ በፊት ማጉ ከጣት ቅባት ይጽዳ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋም ወረቀቱን አለመንቀል ነው፤ ሳይነቃነቅ ከቆየ መብራት ሲመጣ መልሶ ማሞቅ ይቻላል። ከተነቀለ ግን በልኩ አይመለስምና ምስሉ ጥላ ያወጣል።

የቡና አገር በስኒ እንጂ በማግ አይጠጣም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ስኒ ላይ ማተም የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለም። ይሁንና ተራው ስኒ ሽፋን የለውም፤ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድም ለቀጥ ያለ ማግ የተሠራው ፕረስ እኩል አይጨብጠውም። ሽፋን የተቀባ ስኒና ለቅርጹ የተሠራ ማሞቂያ ያገኘ ወርክሾፕ ግን በዚያው ቀለም፣ በዚያው ወረቀት ማተም ይችላል።