ሰባት እና ሰባ

የኤችኤፍ (የአጭር ሞገድ) ሬዲዮ የሚልከውን ድምፅ ስመረምር ከመልቲሜትር በፊት የማስቀድመው ፈተና አለ። ተናጋሪው «ስድስት፣ ስድሳ፣ ሰባት፣ ሰባ» እያለ ይደጋግማል፤ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ በሌላ መቀበያ እሰማለሁ፤ የሰማሁትንም እጽፋለሁ።

ሰባትን ከሰባ የምትለየው የመጨረሻዋ «ት» ናት። አጭር ድምፅ ናት፤ ጉልበቷም በአብዛኛው ያለው ከ2000 ኸርዝ በላይ ነው። የእኛ ሬዲዮ ደግሞ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 2700 ኸርዝ ገደማ ያለውን ብቻ ነው። ከላይኛው ጫፍ ጥቂት ከተቆረጠ «ት» ትጠፋለች፣ ሰባቱም ሰባ ይሆናል። እዚህ አሶሳ ላይ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከባምባሲ ወይም እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ስልክ በማይሠራበት ቀን የታማሚ ቁጥር በሬዲዮ ቢነገር፣ በሰባት ሰውና በሰባ ሰው መካከል ያለው ልዩነት የሚላከውን መድኃኒትና መኪና ይወስናል።

በቅርቡ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ራሱ የገጣጠመውን ቢትኤክስ 40 የተባለ ሬዲዮ ይዞ መጣ። ንድፉ የህንዳዊው አሽሃር ፋርሃን ነው፤ በርካሽና በቀላሉ በሚገኙ ዕቃዎች ይሠራል፣ በ12 ቮልት ባትሪ 7 ዋት ገደማ ያወጣል። የልጁ ብየዳ ንጹሕ ነው። «ጋሼ፣ መቀበሉ ደህና ነው፤ ስናገር ግን ድምፄ ይታፈናል» አለኝ። ማይክሮፎኑን ደጋግሞ ለውጦታል።

ወደ አንቴና አላስለቀቅሁትም። ቴክኒሻኖች ደሚ ሎድ የምንለውን 50 ኦም ሬዚስተር ገጥመን ቁጥሮቹን አስቆጠርኩት። ሰባት የለም፤ ሁሉም ሰባ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭኖ ዝም ሲልም የመቀበያዬን ሞገድ ጥቂት ስለውጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። ይህቺ ፉጨት ብዙ ነገር ነገረችኝ።

ከዚያ ማይክሮፎኑን ትተን የራሱን ሬዲዮ ለመስማት ተቀመጥን። በ7 ሜጋኸርዝ አንድ ጣቢያ አግኝተን በእሱና በእኔ ሬዲዮ እያፈራረቅን ሰማነው። በእሱ ላይ የሚመጣውም ድምፅ የታፈነ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ስለሰማው ጆሮው ለምዶታል እንጂ። ቢትኤክስ ሲልክም ሲቀበልም የሚጠቀመው አንዱን የክሪስታል ማጣሪያና አንዱን የተሸካሚ ሞገድ አመንጪ ነው። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ጉድለት ከተሰማ ማይክሮፎኑ ነፃ ነው። ይህን ፈተና ለጀማሪ ሁሉ ደጋግሜ የምነግረው ገንዘብም ጊዜም ስለሚያተርፍ ነው።

የማጣሪያው ወርድ አይለወጥም። የአመንጪው ሞገድ ወደ ማጣሪያው ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ በብዛት ይገባል፣ ቀጭኑ በሌላኛው ጫፍ ይቆረጣል፤ መታፈን የነበረበት ሞገድም ሾልኮ ይወጣል። ፉጨቱ እሱ ነው። ሲርቅ ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ከአመንጪው ክሪስታል ጋር የተያያዘችውን ካፓሲተር በሌላ መጠን እየቀየርን ሞገዱን ጥቂት መቶ ኸርዝ አራቅነው። በየለውጡ ልጁ ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፉጨቱ እየደከመ ሄደ፤ በመጨረሻም «ሰባት» ከነ«ት»ው ተሰማ።

ሌሎቹ ችግሮች የየራሳቸው መለያ አላቸው። ደሚ ሎድ ላይ ጥሩ የነበረ ድምፅ አንቴና ሲገጠም ከተንጫጫ፣ የሚላከው ሞገድ በማይክሮፎኑ ገመድ ተመልሶ እየገባ ነው፤ ሺልድ ያለው ገመድና ማይክሮፎኑ ላይ የምትበየድ ትንሽ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ። ጮክ ሲባል ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቮልቴጁን ባትሪው ላይ ሳይሆን ሰርኪዩቱ ላይ፣ እየተናገሩ ይለኩ። ቀጭን ሽቦ በዚህ በኩል ብዙ ሰው ያደክማል። የኃይል ሜትሩን ቀስት ለማስዘለል መጮህም ይቅር። ቀስቱ ኃይልን ያሳያል፣ ቃልን አያሳይም።

ለአንቴናው የአሶሳ ቀርከሃ አለን። 20 ሜትር ገደማ ሽቦ መሐሉ ላይ ተከፍሎ በቀርከሃ ምሰሶ ዝቅ ብሎ ቢዘረጋ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከአዮኖስፌር ተመልሶ፣ በቀጥታ መስመር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ ቀን ቀን ሊደርስ ይችላል። ይህን መሞከር ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ 5 ኪሎ በኢቲ3ኤኤ መለያ የሚታወቀው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ልጁን መጀመሪያ ወደዚያ እንዲሄድ መክሬዋለሁ። እስከዚያ ደሚ ሎዱ እሱ ጋ ይቆያል። የሚቀጥለው ሥራው የኃይል ማጉያውን ትራንዚስተር የዕረፍት ከረንት ማስተካከል ነው፤ ከዚያ በኋላም ቁጥሮቹን እንደገና ይቆጥራል፣ ሌላ ሰው ይጽፍለታል።