ግመልም በቅሎም የሚሆን ዘይት

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ዛሬ ስሟን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ኬላ ነበረች። ከባሕር ዳርቻ እስከ ጀልዴሳ ያለውን በረሃ ጭነቱን የሚያሻግረው ግመል ነው። ጀልዴሳ ሲደርስ ግመሉ ይራገፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋያማ አቀበት የግመል አገር ስላልሆነ ጭነቱ ለበቅሎና ለአህያ ተከፋፍሎ ሐረር ይገባል፤ ቡናውና ቆዳው ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረ፤ ጀልዴሳም ከገበያው ዳር ቀረች።

ዛሬ እንስሳ መቀየር የለም። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ስትንፏቀቅ ያረፈደች ፒካፕ፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጭነት ይዛ የደንገጎን ጠመዝማዛ ትወጣለች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ሞተሯ አንድ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘይትም አንድ ነው። እንግዲህ ግመሉም በቅሎውም እሱው ሊሆን ነው።

በድሬዳዋ ጋራዦች ደጅ ይህን የመሰለ ንግግር መስማት አዲስ አይደለም።

«አቦ፣ ወፍራሙን አድርግልኝ። አገሩ እሳት ነው።»

«ቆይ አቦ፣ መጽሐፏ ምን ይላል?»

«የምን መጽሐፍ? እኔ ስገዛት መጽሐፍም አልነበራት!»

ሾፌሩ ስለ ሙቀቱ አልተሳሳተም። መካኒኩም ስለ መጽሐፉ፣ ማለትም ስለ አምራቹ መመሪያ፣ ልክ ነው። ማን እንደሚረታ ለማወቅ ግን መጀመሪያ ከዘይቱ ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል።

የሞተር ዘይት ሥራ ማለስለስ ብቻ ይመስለናል። በርግጥ ዋናው እሱ ነው፤ ብረት ብረትን እንዳይነካ ከፀጉር የቀጠነ ንጣፍ ሆኖ በመካከል ይገባል። ግን ሌላም ሸክም አለበት። የራዲያተር ውሃ የማይደርስባቸውን ክፍሎች፣ ለምሳሌ የፒስተኑን የታችኛውን ገጽ፣ ያቀዘቅዛል። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለችውን ቀዳዳ ይደፍናል። የናፍጣውን ጥቀርሻ በላዩ ተሸክሞ የትም እንዳይጋገር ያደርጋል። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድ ኃይሉን ይሰብራል። ቱርቦ ባላት ፒካፕ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለውን ዘንግ አንሳፍፎ የሚይዘው ይኸው ዘይት ነው።

ጣሳው ላይ ሁለት ጽሑፎች ይፈለጋሉ። አንደኛው የውፍረት ቁጥር ነው። 15ደብሊው-40፣ 20ደብሊው-50፣ 5ደብሊው-30 የሚሉት ናቸው። የቁጥሩ አባት በ1905 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤስኤኢ፣ ነው፤ ዘይትን በውፍረት መመደብ የጀመረው በ1911 እ.ኤ.አ. ነበር።

ቁጥሩን ለመረዳት ቅቤን ማሰብ ይበቃል። ሐረር ላይ ረግቶ በማንኪያ የሚቆረሰው ቅቤ ድሬዳዋ ሲወርድ ዕቃው ውስጥ ይፈስሳል። ዘይትም እንደዚያው ነው፤ ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ብዙ ሾፌር 15-40 ማለት «ሲበርድ 15፣ ሲሞቅ 40 ሆኖ ይወፍራል» ማለት ይመስለዋል። ሲሞቅ የሚወፍር የሞተር ዘይት የለም። ከመስመሩ በኋላ ያለው 40 ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። ከፊት ያለው 15 የብርድ ቁጥር ነው፤ ደብሊው የክረምት ምልክት ናት። የ15ደብሊው ፈተና የሚደረገው ከዜሮ በታች በ20 እና በ25 ዲግሪ ነው፤ የ5ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 እና በ35። ዘይቱ ሁለቱንም ፈተና እንዲያልፍ እንደ ተጠቀለለ ክር ያሉ ረጃጅም ቅንጣቶች ይጨመሩበታል። በብርድ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ በሙቀት ይፈታሉ፤ በዚህም ዘይቱ እንደ ቅቤው ውሃ እንዳይሆን ያግዳሉ።

ድሬዳዋ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አይታ አታውቅም። ስለዚህ ለጀልዴሳ መንገድ የፊተኛው ቁጥር 15 ይሁን 20 ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ሆኖም ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌሊቱን የቆመች መኪና ስትነሣ ዘይቱ ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ራስ፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ሥራዋ ወደ ሐረርጌ ደጋ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስዳት ፒካፕ ይህን ትፈልገዋለች።

የሾፌሩ «ወፍራሙን» ጥያቄ የሚነካው የኋለኛውን ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። ውጭው 20 ዲግሪም ይሁን 35፣ ራዲያተሩና ተርሞስታቱ ደኅና እስከሆኑ ድረስ የሞተሩ ውሃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ መካከል ይሠራል። ዘይቱን ከዚያ አልፎ የሚያፈላው የአየሩ ሙቀት ብቻውን ሳይሆን ሸክሙ ነው። ከባድ ጭነት፣ ረጅም አቀበት፣ በአንደኛ ማርሽ የሚገፋ አሸዋ። አሸዋ ውስጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም፤ ወደ ራዲያተሩ የሚገባ ንፋስም የለም። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለዋለች የናፍጣ ፒካፕ የኋለኛው ቁጥር 40 መሆኑ ተገቢ ነው፤ የብዙ የናፍጣ ፒካፖች መጽሐፍም ለሞቃት አገር 15-40ን ይፈቅዳል። 50 ቁጥር የሚመጣው መጽሐፉ ሲፈቅደው፣ ወይም አርጅታ ዘይት መብላት ለጀመረች መኪና ነው። ለዚህችም ቢሆን ጊዜ መግዣ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ጤነኛ ሞተር ላይ ሳያስፈልግ የሚጨመር ውፍረት የዘይት ፖምፓውን ያደክማል፣ ነዳጅ ያስበላል፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣም ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳ እስኪያልፍ ብረቱን ያስጠብቃል።

ሁለተኛው ጽሑፍ የጥራት ፊደል ነው፤ ከቁጥሩ እኩል ቢመዝንም የሚያነበው ጥቂት ነው። የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ ኤፒአይ፣ ያወጣው ምደባ በ«ኤስ» የሚጀምረውን ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረውን ለናፍጣ ሰጥቷል። ከ«ሲ» ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ሲኤፍ-4 በ1990፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 በ2016 እ.ኤ.አ. የመጡ ናቸው። ሲኤፍ-4 የሚጠይቅ ሞተር ሲአይ-4 ቢሰጡት ይቀበላል፤ ሲአይ-4 የሚጠይቀውን ሲኤፍ-4 መስጠት ግን ማስራብ ነው። አንድ ጣሳ 15ደብሊው-40 ተብሎ ፊደሉ የ30 ዓመት ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚታዩትን ፒካፖች ለዘይት ሲባል በሦስት መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ቱርቦ የሌላቸው ጥንታውያን ናቸው፤ ባለ 5ኤል ሞተሩ ሃይሉክስና ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ላንድ ክሩዘር። እነዚህ ታጋሾች ናቸው፤ ደኅና 15-40 በጊዜው ከተቀየረላቸው ሌላ አይጠይቁም። ሁለተኛዎቹ «ዲ ፎር ዲ» እያልን የምንጠራቸው፣ ቱርቦና ኮመን ሬል ያላቸው ናቸው። እነዚህ ላይ በፊደሉ መቆጠብ አያዋጣም፤ ሲአይ-4ና ከዚያ በላይ ይሁን። ሦስተኛዎቹ በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲሶቹ ናቸው። ለእነዚህ አመዱ አነስተኛ የሆነ፣ በአውሮፓው ምደባ በ«ሲ2» ወይም በ«ሲ3» የሚታወቅ ዘይት ነው የሚታዘዘው። ተራው ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥቀርሻ ተቃጥሎ አይጠፋም።

ከአወዳይ ጫት ጭና ሰዓት የምትሻማ ባለ ቱርቦ ፒካፕ ሌላም አደጋ አለባት። አቀበቱን በሙሉ ኃይል ወጥታ እንደ ደረሰች ቁልፉ ከተነቀለ፣ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቆመው ዘይት ይነድና ከሰል ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ በቆመችበት እንድትሠራ መተው የቱርቦ ዋጋ ያድናል።

ጥሩ ዘይትም ያረጃል። አቧራ፣ አሸዋና ጭነት ባለበት አገር ለናፍጣ ፒካፕ 5,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር ልማድ ነው፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት መሙላት ታጥቦ ጭቃ ነው። መጠኑም ይታወቅ። ለምሳሌ አዲሱ 2.8 ሊትር የሃይሉክስ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 7.5 ሊትር ይወስዳል፤ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አይበቃውም። ማትረፍረፍም ጉዳት ነው። ልኩ በመለኪያው ዘንግ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ነው።

ያን ዘንግ ልምድ ያለው መካኒክ ሲያነብ ማየት ትምህርት ነው። ጠዋት፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ዘንጉን ይመዝዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይከትታል፣ እንደገና ይመዝዛል። ከጫፉ አንድ ጠብታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሻል። ዘይቱ መጥቆሩ አያስደነግጠውም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀናት ይጠቁራል፣ ጥቀርሻውን እየተሸከመ ነውና። ጣቱን ከሻከረው ግን አቧራ ገብቷል። ፀሐይ ላይ ብልጭ ካለ ብረት እየተፋቀ ነው። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና መጠኑ ከፍ ካለ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ያፈስሳል። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ የቴስታታው ጋስኬት ይጠርጠር፣ ሞተሩም አይነሣ። በዘይት መቆጠብ ግመል ሰርቆ ማጎንበስ ነው፤ ሞተሩ ውሎ አድሮ በጭስና በኳኳታ ይናገራል።

የገበያው ነገርም አለ። በታዋቂ ስም ጣሳ ውስጥ ሌላ ዘይት ሞልቶ መሸጥ ያለና የታወቀ ማታለል ነው። የክዳኑ ቀለበት ሳይነካ መሆኑን ማየት፣ በደረሰኝ መግዛት፣ ባዶውን ጣሳ ቀዶ መጣል ተራ ጥንቃቄዎች ናቸው። ከሞተሩ የወጣውን አሮጌ ዘይት ደግሞ መሬት ላይ መድፋት ጨርሶ አይገባም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከሳቢያንና ከሌሎች አካባቢዎች ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ አሸዋው የጠጣው ዘይት ወዴት እንደሚወርድ መገመት አያዳግትም። በጀሪካን ሰብስቦ ለሚረከብ ማስረከብ ይሻላል።

ወደ ጋራዡ ደጅ እንመለስና፣ በክርክሩ የሚረታው መካኒኩ ነው። መጽሐፍ የሌላት ፒካፕም ብትሆን በኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተሯ ዓይነት ተጽፏል፤ በእሱ አምራቹ የሚያዘውን ዘይት ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ዘይት ሊገዙ ከመሄድዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ። የሞተሩን ዓይነት፣ የውፍረት ቁጥሩን፣ የጥራት ፊደሉን፣ የሚወስደውን ሊትርና መጨረሻ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር በአንዲት ወረቀት ጽፈው ጋቢና ውስጥ ያስቀምጡ። ሻጩ «የቱን ልስጥህ?» ሲልዎ ወረቀቷን ያሳዩት።