በየዓመቱ በአበባ ወራት የሚመለሰው ማስነጠስ፦ ጉንፋን ነው ወይስ የአበባ ብናኝ?

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ አልፎ ጋራና ሸንተረሩ በአበባ ሲደምቅ በርካታ ሰዎች በማስነጠስና ዐይናቸውን በማሸት ወራቱን ይገፋሉ። አንዳንዱ “ጉንፋን ያዘኝ” ይላል፤ ሌላው “ምች ነው” ብሎ ዳማከሴ ያሻል። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚውጥም አለ። ሕመሙ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት የሚመለስ ከሆነ ግን መነሻው የአበባ ብናኝ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይጠቅምም፤ ሕመሙን በስሙ አለማወቅም ለዐይንና ለሳንባ ጉዳት በር ይከፍታል።

ጉንፋንን ከአለርጂ እንዴት እንለያለን?

የአበባ ብናኝ ዕፅዋት ዘር ለማፍራት የሚጠቀሙበት ደቃቅ ዱቄት ነው። በራሱ መርዝ አይደለም። የአንዳንድ ሰዎች በሽታን የመከላከል ሥርዓት ግን ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቅቃል። አፍንጫን የሚያፈስሰው፣ ዐይንን የሚያቀላውና የሚያሳክከው ይኸው ነው።

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠም ሊኖረው ይችላል፤ በአብዛኛው ከሰባት እስከ ዐሥር ቀናት ውስጥ ይለቃል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። በተደጋጋሚ ያስነጥሳል፤ አፍንጫን፣ ዐይንንና ላንቃን ያሳክካል፤ ንፍጡም እንደ ውኃ የቀጠነ ነው። ብናኙ በአየር ላይ እስካለ ድረስ ለሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ካለ ግን የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

አደይ አበባ ጥፋተኛ ነውን?

ወቅቱ የአደይ አበባ በመሆኑ ብዙዎች ጥፋቱን በእርሱ ላይ ያሳብባሉ። ይሁን እንጂ ደማቅ ቀለም ያላቸው አበቦች በአብዛኛው ብናኛቸውን የሚያጓጉዙት በንብና በሌሎች ነፍሳት ነው። ብናኛቸው ከበድና ተጣባቂ ስለሆነ በነፋስ ርቆ አይሄድም። አበባውን አፍንጫ ሥር ይዞ ማሽተት ያስነጥስ እንደሆነ እንጂ ከሩቅ አይጎዳም።

ዋነኞቹ ተጠያቂዎች አበባቸው ዐይን የማይስብ፣ ብናኛቸውን ለነፋስ የሚሰጡ ዕፅዋት ናቸው። በግጦሽ መሬት፣ በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር የሚበቅሉ የሣር ዝርያዎች በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። የሐበሻ ጥድም በነፋስ የሚራባ ዛፍ ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ወደ አየር የሚለቁት ብናኝ ጥቂት ነው። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ የሚያስነጥሰው ብዙውን ጊዜ አቧራው፣ ገለባውና በእርጥብ ነዶ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው።

ቅንጬ አረም

በወሎ ቆላማ አካባቢዎችና በሌሎችም የሀገራችን ክፍሎች የተስፋፋው ቅንጬ አረም ወይም ፓርቴኒየም የተለየ ትኩረት ይሻል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ይህ አረም ሰብልንና ግጦሽን ከማጥፋቱ በተጨማሪ ብናኙ አፍንጫንና ሳንባን ያስቆጣል፤ ግንዱንና ቅጠሉን በባዶ እጅ መንካትም ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። የበሉት ላሞች ወተት ይመርራል።

አንድ ተክል በሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮችን ስለሚያፈራ መነቀል ያለበት ከማበቡ በፊት ነው። ዝናብ መሬቱን ካለሰለሰው በኋላ ከነሥሩ መንቀል ይቀላል። ነቃዩ ጓንት ማድረግ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ መልበስና አፍንጫውን መሸፈን ይኖርበታል። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው በዚህ ሥራ ባይሰማራ ይመረጣል። የተነቀለውን አረም ለመጥረጊያነት ወይም ለመኖነት ወደ ቤት ማምጣት አይገባም።

ከብናኝ ለመጠበቅ

• ደረቅና ነፋሻማ በሆነ ቀን ብናኝ ይበዛል፤ ዝናብ አየሩን ያጥባል። መስኮትን በነፋሻማ ሰዓት መዝጋት ይረዳል።
• በመስክ ሥራ ላይ አፍንጫንና አፍን በጭምብል ወይም በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ውቂያ ላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መቆም ይገባል።
• ከሥራ ሲመለሱ ፊትንና እጅን መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ የታጠበ ልብስንም ሣርና አረም ላይ አለማስጣት ይጠቅማል።
• ለድርቆሽ የሚሆን ሣር ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ብናኙ ይቀንሳል፤ የመኖው ጥራትም ይሻላል።
• የምድጃና የዕጣን ጭስ የተቆጣ አፍንጫን ስለሚያባብስ ጭሱን መቀነስ ያስፈልጋል።

ስለ ሕክምናው

ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት ጨው ሟሙቶ አፍንጫን ማጠብ እፎይታ ይሰጣል። የቅጠል ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ግን የተቆጣውን ስስ አካል ሊጎዳ ይችላል። የአካባቢ ማር መብላት አለርጂን ያድናል የሚለውም በጥናት አልተረጋገጠም።

ሴትሪዚንና ሎራታዲን ማሳከክንና ማስነጠስን ይቀንሳሉ። ክሎርፌኒራሚን ደግሞ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ወስዶ ማሽከርከር ወይም በመውቂያ ማሽን ላይ መሥራት አደገኛ ነው። ሕመሙ ለሚጸናባቸው ሐኪም የሚያዘው የአፍንጫ ስቴሮይድ መርጫ በእጅጉ ይረዳል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ግን በተከታታይ ቀናት ከተጠቀሙበት በኋላ ነው። ነፍሰ ጡሮች ማንኛውንም መድኃኒት ከባለሙያ ጋር ሳይመክሩ መውሰድ የለባቸውም።

የሕፃናት ዐይን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዐይንን አዘውትሮ ማሸት ኮርኒያ የተባለውን የዐይን የፊት ክፍል ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። የስቴሮይድ የዐይን ጠብታን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ግላኮማንና የዐይን ሞራ ግርዶሽን ስለሚያስከትል፣ የጎረቤትን ጠብታ ተውሶ መጠቀም አይገባም።

ደረትን ማፈን፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለት ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል ከታየ አስም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ትንፋሹ አጥሮ መናገር ያቃተው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የዋሉበትን ቦታና በአካባቢው ያበበውን ተክል መዝግቦ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በቀጣዩ ዓመትም ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ለመዘጋጀት ያስችላል።